ሟርተኛዋ ሴፍቲ

አባቴ ከየት እንደ ወደቀ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሉማሜ ላይ ቆርቆሮ ሲያለብሰው ከነበረ ቤት ነው። እንዴት እንደ ወደቀ ግን በቤታችን አይወራም። እናቴን ስጠይቃት «ሰይጣን ነው የገፋው» ትላለች። ጎረቤቶቻችን ደግሞ «ዓይን ነው እንጂ! እጁ የተባረከ አናጢ አልነበር?» ይላሉ። እኔ ልጅ ሆኜ ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሲወድቅ ምን ላይ ቆሞ ነበር?

«አንቺ ልጅ፣ ክፉ አትጥሪ!» ትለኛለች እናቴ። አባቴም ያቺን የማትታጠፍ ግራ እግሩን ዘርግቶ፣ ጉልበቱን እያሻሸ ዝም ይላል። ሰይጣንም ቢሆን እኮ የሚገፋው ሰው የሆነ ነገር ላይ መቆም አለበት። ይህንኑ ተናግሬ አንድ ጊዜ ጥሩ ኩርኩም ቀምሻለሁ። አፌን ዘጋሁ፤ ነገሩ ግን ከሆዴ አልወጣም።

አድጌ የሙያ ደህንነትና ጤንነት ማጥናቴ እንግዲህ ማንንም ሊገርም አይገባም ነበር። ገረማቸው እንጂ! ተመርቄ ደብረ ማርቆስ ወላጆቼ ቤት ስመለስ፣ አንዷ ጎረቤታችን ደጃፍ ላይ ያዘችኝና ምን ተምሬ እንደ መጣሁ ጠየቀችኝ።

«ሰው ሥራ ላይ እያለ እንዳይጎዳ መጠበቅ ነው» አልኳት።

«ውይ፣ ዘበኛ ነሻ!» አለችኝ ከልቧ አዝና።

ሥራ ፍለጋው ረጅም ነበር። መናኸሪያው አካባቢ ምሰሶና አጥር ላይ የሚለጠፈውን ማስታወቂያ ሁሉ አነብ ነበር። ሒሳብ ሠራተኛ ይፈለጋል፣ አስተናጋጅ ይፈለጋል፣ ባጃጅ የሚነዳ ይፈለጋል። ሰው እንዳይጎዳ የሚጠብቅ የሚፈልግ ግን የለም። ሰው እየተጎዳ እንደሆነ በዓይኔ አያለሁ፤ ብረት በያጁ ያለ መነጽር ሲበይድ ቆሜ አየዋለሁ፤ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ያልተሸፈነውን ቀበቶ ሲሽከረከር አየዋለሁ። «ምን ፈለግሽ?» ሲሉኝ «ምንም፣ እያየሁ ነው» እላለሁ። እብድ ሳልመስላቸው አልቀረሁም።

በመጨረሻ ወደ ደምበጫ በሚያወጣው መንገድ ላይ አንድ ፎቅ እየተሠራ መሆኑን፣ ለሥራውም የደህንነት ባለሙያ እንደሚፈለግ ሰማሁ። ሄድኩ። ፕሮጀክቱን የሚመራው ኢንጂነር ገና ወጣት ነው፤ ቆርቆሮ ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ የትምህርት ማስረጃዬን እንኳ በቅጡ አላየውም።

«ስሚ» አለኝ፤ «ካንቺ በፊት አንድ ባለሙያ ነበረን። ወረቀቱን አሳምሮ ይሠራል። ሠራተኛው ግን ከቁብ አይቆጥረውም ነበር። እኔ የምፈልገው የሚሰሙትን ሰው ነው። የሙከራ ጊዜሽ ሲያልቅ አንድ ነገር ብቻ ነው የማየው፤ ስትናገሪ ይሰሙሻል ወይስ አይሰሙሽም? ካልሰሙሽ እንሰነባበታለን።»

«ይሰሙኛል!» አልኩት። ምን አስደፈረኝ? እኔ እንጃ። ያንን ሥራ እንዴት እንደ ፈለግሁት ግን አምላክ ያውቃል።

በመጀመሪያው ጠዋት አዲስ ሄልሜቴን አድርጌ፣ የምታንጸባርቀውን ሰደርያ ለብሼ ሠራተኛው ፊት ቆምኩ። ከኋላዬ መወጣጫው አለ፤ እንደ አገራችን ልማድ ከባሕር ዛፍ አጣና የቆመ፣ በሽቦና በሚስማር የተያያዘ፣ ላዩ ላይ ጣውላ የተጋደመበት። በዋዜማው ዞር ዞር ብዬ አይቼው ስለ ነበር የት የት እንደ ላላ አውቃለሁ። እናም እንደ ተማርኩት ነገሩን በግልጽ አስቀመጥኩላቸው።

«ያ አጣና ቢላቀቅ እናንተ ትወድቃላችሁ። ከዚያ ከፍታ የወደቀ ሰው ወገቡ ይሰበራል። ጭንቅላቱ ድንጋይ ካገኘው ደግሞ እዚያው ይሞታል። በዚህ በኩል ሚስማር ያልተመታበት ጣውላ አለ፤ እሱም ይገድላል።»

ወዲያው አንዱ አማተበ። ሌላው «በስመ አብ!» ብሎ ፊቱን አዞረ። ከኋላ ያሉት ወደ አጥሩ ሸሹ። አናጢዎቹን የሚመራው ካቦ፣ በልጅነቱ ደብረ ወርቅ የቄስ ትምህርት የቀመሰ ጎልማሳ ነው፤ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ቀረበ።

«እቱ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «በባዶ ሆዳችን ሞት የምትጠሪብን ምን አድርገንሽ ነው?»

በማግስቱ ከላይ አንድ ባልዲ ወደቀ። ማንንም አልነካም፤ ወሬው ግን ሳይቱን አዳረሰው። «አላልኳችሁም? ትላንት ጠርታው ነው!» ሳይት ላይ የደህንነት ባለሙያን «ሴፍቲ» ነው የሚሉት፤ ከዚያ ወዲያ ስሜ ሟርተኛዋ ሴፍቲ ሆኖ ቀረ። ጠዋት ስገባ ከፊቴ የሚመጣው ሰው መንገድ ይቀይራል። ገደ ቢስ ሆኜ አረፍኩታ! ከመወጣጫ የሚወድቅ ሰው የሚያሳይ ሥዕል ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ነበር፤ ስመለስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙረውታል። መልሼ አስተካከልኩት። በነጋታው የሲሚንቶ ከረጢት አልብሰውት አገኘሁት።

ተናደድኩ። እንዴት አልናደድ! ለነሱው ነፍስ ብዬ። ከንዴቱ ሥር ግን አንድ ነገር እንደ ጥርስ ሕመም ይነዘንዘኝ ነበር። እነዚህ ሰዎች አደጋን የማይፈሩ ቢሆኑ ይገባኝ ነበር። እነሱ ግን ስሙ ሲነሳ እንኳ የሚያማትቡ ናቸው። ይህን ያህል የሚፈሩ ከሆነ ለምን አይጠነቀቁም?

ምሳ ሰዓት እየተጠጋሁ አንዳንዱን መጠየቅ ጀመርኩ።

«እዚህ ሥራ ላይ የምትፈራው ምንድን ነው?»

«እግዜር ነው የሚያውቀው።»

«ያ ጣውላስ አያሰጋህም?»

«ተይው እሱን» ይለኛል። እንዲህ ሲለኝ ግን ዓይኑ ሽቅብ ሄዶ ጣውላው ላይ ያርፋል፤ ያውም ልክ ሚስማር የሌለበት ጫፍ ላይ። ሌላውን ጠየቅሁ፤ የሱም ዓይን እዚያው ሄደ። ለካ ሁሉም ያውቃሉ! ዓይናቸው ያውቃል፤ አፋቸው ግን አይልም፤ አፍ ያላለውን ነገር ደግሞ «ሚስማር አምጣ» ብሎ ማዘዝ አይቻልም። ይህን ሳገኝ ንዴቴ ግማሹ ጠፋ። ግኝቱ ራሱ ደስ አለኝ። ምን ላደርግበት እንደምችል ግን አላውቅም ነበር።

ኢንጂነሩ አንድ ቀን ሲያልፍ «እህሳ፣ ሟርተኛዋ ይሉሻል አሉ?» አለኝ። ፈገግ ብሎ ነው። «የሙከራ ጊዜሽ እየተጋመሰ ነው፤ አስቢበት» ብሎኝ ሄደ። ፈገግታው ነው ይበልጥ ያስፈራኝ።

እኛ ቤት ሳይመረቅ የሚወጣ ሰው የለም። አባቴ ጠዋት ጠዋት ደጃፉ ላይ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል፤ የሚወጣውን ሁሉ መርቆ ይሸኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት ስለሆነ «አሜን» እላለሁ እንጂ ቃሉን አዳምጬው አላውቅም። የዚያን ዕለት ጠዋት ምርር ብሎኝ ቀስ እያልኩ ስወጣ ግን ሰማሁት።

«በይ ሂጂ። ከባለ ሞተሩ ይሰውርሽ። ከሚናደፍ ይሰውርሽ፤ ከሚናድ ይሰውርሽ። የውኃ ሙላት አይግጠምሽ። የክፉ ሰው ዓይን አያግኝሽ። እንቅፋት እንኳ አይንካሽ። ይቅናሽ፤ በሰላም ግቢ።»

«አሜን» አልኩና እግሬ ደጃፉ ላይ ቀረ። «አባዬ፣ እስቲ ድገመው።»

«ምኑን?»

«ምርቃቱን።»

«ምነው፣ አነሰሽ?» አለ እየሳቀ። ደገመልኝ።

ወይ ጉድ! ተሽከርካሪ አለ። ተናዳፊ አለ። የሚናድ አፈር አለ። ጎርፍ አለ። ማደናቀፊያ አለ። ይህ ሰው በየጠዋቱ የአደጋውን ዓይነት አንድ በአንድ እየነገረኝ ነው የኖረው! ማንም ግን «ሟርተኛ» ብሎት አያውቅም። እኔ «ትወድቃላችሁ» ስላቸው አደጋውን እየጠራሁባቸው ነው። እሱ «ይሰውርሽ» ሲለኝ ያንኑ አደጋ በስሙ ጠርቶ እያባረረልኝ ነው። እኔም እሺ ብዬ አሜን እላለሁ። በዚያ ጠዋት እስከ ሳይቱ ድረስ ሮጬ ነው የሄድኩት ብል ይቀለኛል።

የሳይታችን ዘበኛ ደምበጫ አካባቢ ሲያርሱ ኖረው በስተርጅና ከተማ የገቡ አባት ናቸው። ሠራተኛው ሁሉ «አባባ» ነው የሚላቸው። በሩ ላይ ገና ሳገኛቸው እያለከለክሁ ያዝኳቸው።

«አባባ፣ ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳንጀምር ቢመርቁን ምን ይመስልዎታል?»

«ምን ቸገረኝ ልጄ! ደስ ይለኛል እንጂ።»

በማግስቱ ሠራተኛው ተሰበሰበ። ለሟርተኛዋ የማይሰበሰብ ሁሉ ለምርቃት ሲሆን መጣ። አባባ እጃቸውን ዘረጉ።

«እርሻችሁ ይስመር!»

«አሜን!»

«ላማችሁ ትውለድ! ጎተራችሁ ይሙላ!»

«አሜን!» አሉ፤ ጎተራ ቀርቶ የራሱ በር እንኳ የሌለው ሁሉ። አንዳንዱ ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም። እኔም ሳቅሁ። አባባ ምን ያድርጉ፣ የሚያውቁት የገበሬ አደጋና የገበሬ ጸጋ ነው። ስለዚህ ሥራው ጋብ ሲል ይዤያቸው ሳይቱን ዞርኩ።

«እዚህ ጋ ሽቦው ላልቷል፤ ይመልከቱ» አልኳቸው።

«አወይ!»

«ይህ ጣውላ ሚስማር የለውም። ሰው ጫፉን ከረገጠው በሌላው በኩል ብድግ ይላል።»

«ኧረ የድንግል ልጅ! ታዲያ ለምን አትነግሪያቸውም?»

«ነገርኳቸው እኮ አባባ! ሟርተኛ አሉኝ።»

ዱላቸውን ተደግፈው ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ቆይ» አሉኝ ዓይናቸውን እየጠረጉ፤ «ቆይ፣ ለኔ ተዪው።»

በነጋታው ሠራተኛው አሜኑን አዘጋጅቶ ሲጠብቅ አባባ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ካልታሰረ አጣና ይሰውራችሁ!»

«አሜን!»

«ሚስማር ካልተመታበት ጣውላ ይሰውራችሁ!»

«አሜን!» ሲሉ ዓይናቸውን ነበር የማየው። ሁሉም ሽቅብ ሄደ። ወዲያው ካቦው አንዱን አናጢ በስሙ ጠራና «ሚስማር ይዘህ ና» አለው። በሕይወቴ እንደዚያች ቃል ያስደሰተኝ ነገር ጥቂት ነው።

ነገሩ ግን እንደ ጀመረው ቀጥ ብሎ አልሄደም። ከቀናት በኋላ ካቦው የደህንነት ቀበቶውን ሳይታጠቅ ሲወጣ አየሁትና «ቀበቶህስ?» ስለው «አሜን ብለናል እኮ እቱ» ብሎ ሳቀብኝ። ሥራውን ሁሉ ለፈጣሪ ጥለውት አረፉ ማለት ነው! እንደገና ወደ አባባ ሄድኩ። «ከአደጋው ይሰውራችሁ ብቻ አይበሉ» አልኳቸው፤ «የሚያይ ዓይን ይስጣችሁ ይበሉ። ሳያጠብቅ የማይወጣ እጅ ይስጣችሁ ይበሉ።» ጥቂት አሰቡና «ይኼስ ደግ ነው። ለዓይንና ለእጅ ነው ዋናው ምርቃት» አሉ። እንዳሉትም አደረጉ።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። አንድ ጠዋት ካፊያ ነበር። አባባ ዝናቡን ሸሽተው መወጣጫው ሥር ገቡ፤ ሠራተኛውም ተከትሏቸው ገባ። በእኛ አገር ደግሞ ሲመረቅ ራስ ይገለጣል። ባርኔጣ ያደረገ ባርኔጣውን፣ ሄልሜት ያደረገ ሄልሜቱን ያወልቃል። እኔ በሩ ጋ ጭቃ ከጫማዬ ስጠርግ ቆይቼ ቀና ስል፣ ሠራተኛው በሙሉ ርጥብ መወጣጫ ሥር ተጠጋግቶ፣ ራሱን ገልጦ፣ ሄልሜቱን ደረቱ ላይ አቅፎ ቆሟል። ከዚህ የባሰ የደህንነት ጥፋት ተቀምጬ ልፍጠር ብል እንኳ አይመጣልኝም። ዘልዬ «ኑ ውጡ!» ልል አፌን ስከፍት የመኪና በር ተዘጋ። ኢንጂነሩ ነው፤ ያውም የሕንጻውን አማካሪ መሐንዲስ ይዞ።

«ሴፍቲ!» ብሎ ጮኸ። «ምንድን ነው ይኼ?»

አበቃልኝ አልኩ። አባባ ግን ዘወር ብለውም አላዩት፤ ምርቃት ከተጀመረ አይቋረጥማ።

«የመጣችሁትንም ይባርካችሁ!» አሉ እጃቸውን ወደ እንግዶቹ ዘርግተው።

ኢንጂነሩ ቁጣው አፉ ላይ እንዳለ ቆመ። እሱም የዚሁ አገር ልጅ ነው። ሳያዝዘው እጁ ወደ ራሱ ሄደና ሄልሜቱን አወለቀ። አማካሪው ግራ ቀኝ አየና እሱም አወለቀ። ሳቄና ዕንባዬ እኩል መጡብኝ።

«ሌሊት ዝናብ ካላላው ሽቦ ይሰውራችሁ!»

«አሜን!»

«ሳይነቀንቅ የማይወጣ እጅ ይስጣችሁ!»

«አሜን!» የኢንጂነሩም ድምፅ አለበት።

ምርቃቱ እንዳለቀ ሄልሜቱን መልሶ ደፋና «ምሳ ሰዓት ቢሮ ነይ» አለኝ። ድምፁ ቀዝቃዛ ነበር። አባዬን ምን እለዋለሁ? ያቺ ጎረቤታችንስ? የማስታወቂያው ምሰሶ ዓይኔ ላይ መጣ።

ሠራተኛው ወደየሥራው ተበተነ፤ ካቦውም ቀበቶውን ታጥቆ ወደ መወጣጫው ሄደ። የመጀመሪያውን አጣና ጨብጦ ነቀነቀ። ወጣ። ሁለተኛውን ነቀነቀ። እግሩን ጣውላው ላይ ሊያሳርፍ ሲል መልሶ ሳበውና ሽቦውን በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ ወረደ።

«ማንም እንዳይወጣ!» ብሎ ጮኸ።

«ምነው?» አለ ኢንጂነሩ።

«ሽቦው ለቋል። ጣውላው ይንሸራተታል።»

«ትላንት ደህና አልነበር?»

«ትላንትማ ነበር። ዛሬ ግን አሜን ያልኩበትን ነገር ሳላይ እንዴት እወጣለሁ?» አለና ወደ እኔ ዞረ። «እቱ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ? ሽቦው ይደረብ ወይስ ሌላ አጣና እናስገባ?»

ጠየቀኝ! ሟርተኛዋን ጠየቃት። ሁለቱም ይሁን አልኩት።

ምሳ ሰዓት ቢሮ ገባሁ። ኢንጂነሩ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ እያንከባለለ ነበር።

«አሁን እኔ የቀጠርኩት ሴፍቲ ነው ወይስ የንስሐ አባት?» አለኝ።

«የሚሰሙትን ሰው ነው የቀጠሩት» አልኩት። አፌ እንደሆነ አያርፍ።

እርሳሱን አስቀመጠ። ከዚያ ሳቁ መጣ። «ይሰሙሻል። አዎ፣ ይሰሙሻል። ሥራውም ያንቺ ነው። ግን ዳግመኛ መወጣጫ ሥር ራስ ገልጦ የሚቆም ሰው እንዳላይ!»

«ከነገ ጀምሮ በሩ ጋ ነው የምንመረቀው፤ ከላያችን ሰማይ ብቻ ባለበት።»

«ዝናብ ሲሆንስ?»

«ለአባባ ጃንጥላ ይያዝላቸዋል። እኛ ብንበሰብስ ምንም አይደል።»

ማታ ቤት ስገባ እናቴ ጓዳ ወጥ እያማሰለች ነበር። አባቴ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ሥራው የኔ መሆኑን ስነግራቸው እናቴ እልል ብላ ወደ ወጧ ተመለሰች፤ አባቴ «እሰይ የኔ ልጅ!» አለ። ስለ ምርቃቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወራሁላቸው። ኢንጂነሩ ሄልሜቱን ያወለቀባት ቦታ ላይ ስደርስ አባቴ እየሳቀ ጉልበቱን መታ።

«ነገስ ምን ብለው ነው የሚመርቁት?» አለኝ።

«ነገ ጣሪያ ልንጀምር ነው» አልኩት። ካልኩ በኋላ ነው የሰማሁት። በቤታችን ስለ ጣሪያ ተነስቶ አያውቅም። መመለስ ግን አልፈለግሁም። «ምን እንዲሉ ልንገራቸው አባዬ?»

ሳቁ ቆመ። ጉልበቱን ማሻሸት ጀመረ። እናቴ የምታማስልበት ማንኪያ ድምፅ ጠፋ። አሁን «ክፉ አትጥሪ!» ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ልጡ ካልተላጠ አጣና ይሰውራችሁ ይበሉ» አለ አባቴ ቀስ ብሎ። «በዚያው ሳምንት የተቆረጠ እርጥብ ነበር። ሌሊቱን ዘንቦበታል። እኔ ለመላጥ ጊዜ የለኝም ብዬ እንዲሁ አጋደምኩትና ቆምኩበት። ልጡ ከእግሬ ጋር ተላቅቆ መጣ።»

ከልጅነቴ ጀምሮ የጠበቅሁት መልስ ይኸው ነበር። አጣና ላይ ነው የቆመው።

ከጓዳ በኩል እናቴ፣ ፊቷን ሳናይ፣ «አሜን» አለች።